ባሕሩ መንገዱን የወሰደብን ቀን

ባለቤቴን በደንብ ያወቅኋት ከተጋባን በኋላ፣ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ዙሪያውን በውሃ በተከበበ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው። ይህን ስል ሰዎች እያጋነንኩ ይመስላቸዋል። የሆነው ግን ይኸው ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ወጥቼ ጆሃንስበርግ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቤኖኒ አጠገብ ባለው ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረኝ። ስፓዛ እዚህ አገር የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ስፓዛ የሚሠራ ሰው ዘረፋን ስለሚፈራ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የሚውለው። ዳቦው በፍርግርጉ ቀዳዳ ይወጣል፣ ብሩም በዚያው ይገባል። ማታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል እተኛለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሱቅ፣ ከጅምላ መሸጫና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሄድኩበት ቦታ አልነበረም።

መሠረትን የመረጠችልኝ ዱራሜ የምትኖረው አክስቴ ናት። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አይታ ወደደቻት። መሠረት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። እሷ ከምባታ፣ እኔ ሀዲያ ስለሆንን የምንግባባው በአማርኛ ነው። አንድ ዓመት በስልክ ተነጋገርን። ፎቶ ላክሁላት። አንዱ ላይ ነጭ መኪና ተደግፌ ቆሜአለሁ፤ መኪናው የጅምላ ነጋዴው ነው። ሌላው ላይ ቆንጆ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሶፋው የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ያለ ነው። መኪናው የኔ ነው አላልኳትም። የኔ አይደለም ብዬም አልነገርኳትም። ሠርጉ ዱራሜ ተደገሰ፤ ታናሽ ወንድሜ እኔን ወክሎ ቆመ። ወረቀቷ ካለቀ በኋላ በ2012 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ መጣች።

የመጣች ቀን ሱቁ በር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ግራና ቀኝ አየች።

«ቤትህ ከዚህ ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«ይኼው ነው» አልኳት።

ሻንጣዋን አንስታ ገባች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አገሩ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ወታደር መንገድ ላይ ወጣ። እኛ ምግብ ስለምንሸጥ ፈቃድ አውጥተን እንድንሠራ ተፈቀደልን፤ ነገር ግን ከሱቁ የትም መሄድ የለም። አስቡት፤ ከአንድ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጋብታ፣ የማታውቀው አገር መጥታ፣ በወር ውስጥ ፍርግርግ ጀርባ ተቆለፈባት። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች። ደንበኞቹ «ሲሲ»፣ እህት ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሯታል፤ እኔ በሁለት ዓመት የለመድኩትን የዙሉ ቁጥር እሷ በሁለት ወር ቆጠረችው። እኔን ግን በቤተ ክርስቲያን እንደሚባለው «ወንድም ማርቆስ» ነበር የምትለኝ። ባል እንደሆንኩ የረሳች ይመስል ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዳቦ እየደረደረች፣ ወደኔ ሳትዞር፣ «ወንድም ማርቆስ፣ ወደ ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ» አለች።

«አውሮፕላን የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ሲከፈትስ?»

«ሲከፈት እንነጋገራለን።»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ትጠይቀኛለች። «ተከፈተ?» ትላለች፤ «ገና ነው» እላታለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ በረራ ተጀመረ። ዕቃ ላመጣ የሄድኩበት ጅምላ መሸጫ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እሑድ ደረሰና ጠየቀችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

የእሷ ስልክ በጉዞ ላይ ተሰብሮ ነበር። ቤተሰቦቿን የምታገኘው በእኔ ስልክ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። «ስልክሽን አሠራልሻለሁ» ስላት ከርሜአለሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ሲም ካርድ የምሸጠው ሰውዬ የሚስቴን ስልክ አላሠራሁም። ምክንያቱ አሁን ለእናንተ ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን ለራሴ እንኳ «ጊዜ አጥቼ ነው» እል ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጠየቅ አቆመች። መብላትም ቀነሰች። ይኼ አስፈራኝ። በባሕሩ ዳርቻ በኩል ሱቅ ላለው ለጓደኛዬ ለታምሩ ደውዬ ነገርኩት፤ ስለ አውሮፕላኑ ግን አልነገርኩትም።

«ሰውዬ፣ አየር ያስፈልጋታል» አለኝ። «ወደኔ አምጣት። ከሱቄ አሥር ደቂቃ ነድተህ የባሕር ዳር መንደር አለች፤ ቱሪስት ድሮ የሚመጣባት። የመርከብ መብራት ማማ አላት፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አላት። ሁለት ቀን እረፉ።»

«አንተ አይተሃታል?»

«ሱቁን ለማን ትቼ? ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ኅዳር ላይ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ባኪ የሚሉትን፣ ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪናውን ተዋስኩ። ንጋት ላይ ወጣን። መንገድ ላይ ፖሊሶች አስቁመው ወረቀታችንን አዩ፣ ግንባራችን ላይ የሙቀት መለኪያ ደገኑ፣ አሳለፉን። ከተራራው ቁልቁል ስንወርድ መሠረት መስኮቱን ከፍታ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች። እስክንደርስ አላስገባችውም።

የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ትንሽ ቦታ ናት፣ ሰዎቿም ያሉ ናቸው። ሠላሳ የማይሞሉ ቤቶች ከኮረብታው ጎን ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ነጭ የመብራት ማማ፣ ከሥሩ በድንጋይ የተሠራች ጠባብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ የመርከበኞች መቃብር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ባሕሩ። መሠረት ባሕሩን ስታይ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ቆመች። ረጅም ሰዓት ቆመች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ስለነበረ ቆምኩ።

ችግሩ ሁሉም ነገር በኮሮና ምክንያት መዘጋቱ ነው። የማማው በር ላይ ሰንሰለት አለ። የቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሙዚየም የምትባለው አንዲት ክፍልም ተቆልፋለች። ያን ቀን አጥር ለአጥር ስንዞር ዋልንና ታምሩ ያዘጋጀልን ክፍል ሄደን አደርን።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ስንመጣ ባሕሩ ትናንት ከነበረበት ወደ ኋላ ሸሽቶ አገኘነው። ከአሸዋው ተነስቶ ወደ ባሕሩ የሚገባ የድንጋይ መንገድ ተገልጧል፤ ትናንት አልነበረም። መንገዱ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ አንድ ትልቅ ዐለት ላይ ይደርሳል። ዐለቱ የሁለት ፎቅ ከፍታ አለው፤ ጫፉ ላይ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት ይታያል። ድሮ መርከብ የሚጠብቁ ሰዎች የሚኖሩበት ነበር አሉ። ከመንደሯ የታሪክ ቦታዎች ውስጥ በር ያልተቆለፈበት እሱ ብቻ ነው።

«እንሂድ?» አልኳት።

«እንሂድ» አለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት የመለሰችልኝ መልስ ነበር።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳውን ተደግፌ ፎቶ አነሳችኝ። ከዚያ ስልኬን ውሃ እንዳይነካው ብዬ መኪና ውስጥ ቆለፍኩበት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ግማሽ ሊትር ውሃና ሁለት እሽግ ብስኩት ይዘን ተሻገርን።

ላይ ስንደርስ እንዴት ያለ ቦታ መሰላችሁ! በአንድ በኩል መንደሯ፣ ማማውና ቤተ ክርስቲያኗ በእጅ የሚያዙ ይመስላሉ። በሌላ በኩል ባሕር ብቻ ነው። የፈረሰው ቤት ግድግዳ ላይ ሰዎች በስለት የፈለፈሏቸው ስሞች አሉ። መሠረት አንድ በአንድ እየዞረች አነበበች። ከነፋሱ ተከልለን ተቀመጥን፣ ብስኩት በላን። ስለ ተማሪዎቿ አወራችልኝ፤ ስንት ሆነው በአንድ ወንበር እንደሚቀመጡ፣ ማን እንደሚያስቸግራት። ሳዳምጥ ሰዓቱ ሄደ።

በእጇ ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነስታ ወደ መንደሩ በኩል አየች።

«መንገዱ የት ሄደ?» አለች።

ተነስቼ አየሁ። ከአሸዋው የሚነሳው ጫፍ አለ፤ ከእኛ ሥር ያለውም አለ። መሃሉ የለም። ውሃ ከግራ መጥቶ በላዩ ላይ እየተገለበጠ ወደ ቀኝ ያልፋል።

እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ አናውቅም ነበር። ደገኛ ከየት ያውቃል? እኔ የጎርፍ ውሃ ነው የመሰለኝ፤ እየጨመረ ሄዶ ከነዐለቱ የሚውጠን።

«እየሞላ ነው! አሁኑኑ እንሂድ! ገና ከጉልበት አይበልጥም» አልኩ።

«ቆይ» አለች። ከግድግዳው ሥር የወደቀ እንጨት አንስታ ወረወረችው። እንጨቱ ውሃው ላይ ወደቀና፣ ወደ ዳር ይሄዳል ስንል በጎን ተወርውሮ ወደ ጥልቁ ባሕር ወጣ። ዓይናችን እያየ ጠፋ።

«አየህ? ውሃው ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ሰው ይወስዳል።»

«ምን ታውቂያለሽ? ባሕር ያየሽው ትናንት ነው!»

«አንተስ?»

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ጥሎ በአሸዋው ላይ ወደ እኛ ሲሮጥ አየን። ዳር ላይ ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እያነሳ ያወርዳል። ይጮኻል፤ ነፋሱ ግን ድምፁን ይወስደዋል።

«ኑ እያለን ነው! ቶሎ ኑ ነው የሚለን!»

«አይደለም። እጁን እየው፤ ወደ ታች ነው የሚጫነው። ተቀመጡ ነው የሚለን።»

«መሲ፣ እንሂድ ብያለሁ!»

«አልሄድም።»

ተናደድኩ። ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን «አይሆንም» ብላኝ አታውቅም። እኔ ልቅደምና መንገዱን ላሳያት ብዬ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ እርምጃዎች ደህና ነበሩ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ነው የሚነካው። ቀጥሎ ጉልበቴ ደረሰ። ዞር ብዬ «አየሽ?» ልላት ስል ሞገድ ከጎኔ መታኝ። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበት ስለነበረ እግሬ ከሥሬ ሄደ። ወደቅሁ፤ ጨው ጠጣሁ፤ ላይና ታቹ ጠፋብኝ። እጄ አንድ የሾለ ድንጋይ ያዘ። ውሃው እግሮቼን እንጨቱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ እየጎተተ ነው።

«ማርቆስ! ማርቆስ!»

ቀና ስል መሠረት ዐለቱ ግርጌ ወርዳ በሆዷ ተኝታለች። የአንገት ሻርፗን ጫፍ በክንዷ ጠምጥማ ሌላውን ጫፍ ወረወረችልኝ። ሁለት ጊዜ ሳተኝ። በሦስተኛው ያዝኩት። «ሞገዱ ሲመጣ ያዝ! ሲያልፍ ተነስ!» ትለኛለች። እንዳለችኝ አደረግሁ። በመጣ ቁጥር ድንጋዩን አቅፌ እተኛለሁ፤ ባለፈ ቁጥር አንድ ክንድ እሳባለሁ። መጨረሻ ላይ በሸሚዜ አንገት ይዛ አወጣችኝ።

አንዱ ጫማዬ የለም። ጉልበቴ ተሰንጥቆ ደም ይወርዳል። ጭምብሌ ግን በአንድ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ላይ ወጥተን ስትቀመጥ እሱን አይታ ልትስቅ ብላ ተወችው። ከኪሴ የእጅ ማጽጃ አልኮሉን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አፈሰሰችው። ስጮኽ «አትጩኽ፣ ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አይጮሁም» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት፣ ከተረጋጋሁ በኋላ።

«የእኛ ቤት ከትምህርት ቤቱ ማዶ ነው። መሃል ላይ ወንዝ አለ። ክረምት ከላይ ሲዘንብ በድንገት ይመጣል። ስንመለስ ሞልቶ ካገኘነው ዳር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንዲት ጓደኛችን ‹ጉልበት ነው የሚደርሰው› ብላ ገባች። በሦስተኛው ቀን ነው የተገኘችው።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ተቀምጧል። እኛም ተቀመጥን። የተቀመጥን መሆናችንን ሲያይ አንድ እጁን አነሳልን።

ውሃው ግን መጨመሩን አላቆመም። መሠረት ጠጠር እያነሳች ውሃው የደረሰበትን ድንጋይ ትቆጥራለች። አራት ሰዓት ላይ ያወጣችኝ ቦታ ተሸፈነ። አምስት ሰዓት ላይ በተቀመጥንበት ቦታ ሞገዱ ይረጨን ጀመር። ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ፈረሰው ቤት ገባን። ከዚያ በኋላ ውሃው ከሥር ዐለቱን ሲመታ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ በተሰነጠቀው በኩልም ወደ ውስጥ ይረጫል። ግድግዳው ላይ ወጥተን እግራችንን አንጠልጥለን ተቀመጥን። ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቦታ የለም።

እሞታለሁ ብዬ አመንኩ። ጸለይኩ። ጸሎቱ አልሄድልህ አለኝ።

«መሲ» አልኳት። «አውሮፕላን ተከፍቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ?»

«መስከረም መጨረሻ።»

«አሁን ኅዳር ነው።»

«አዎ።»

ውሃው መጣ፣ ሄደ። ብዙ ጊዜ መጣና ሄደ።

«እናቴ ጥቅምት ላይ የታመመች ጊዜ» አለች በቀስታ፣ «በአንተ ስልክ ነው የሰማሁት። ስጮኽ አጠገቤ ነበርክ። እጄን ይዘህ ነበር። ያን ቀን ተከፍቶ ነበር?»

«ተከፍቶ ነበር።»

ከአጠገቤ ተነስታ በግድግዳው ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። ልትወድቅብኝ ነው ብዬ እጄን ብዘረጋ «አትንካኝ!» አለች። እዚያ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እናቷ ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባትድን ኖሮ ምን እሆን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ሁሉ የውሃ ጩኸት ውስጥ «ለምን?» ስትል ሰማኋት።

«ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው።»

«እኔስ ብቻዬን አልነበርኩም?»

የቀረውን ሁሉ ነገርኳት። መኪናው የኔ እንዳልሆነ። ስልኳን ሆን ብዬ እንዳላሠራሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእናቴ «ደህና ቤት ውስጥ ነው ያለሁት» ስል እንደኖርኩ። ሶፋውም የሱቅ እንደሆነ።

«ሶፋውን አውቄዋለሁ» አለች፣ ሳትዞር። «ላስቲኩ አልተነሳም ነበር። ዋጋውም ተንጠልጥሎበት ነበር።»

«አውቀሽ ነው የመጣሽው?»

«ሶፋ ፍለጋ አልመጣሁም።»

ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። የቀረችውን ውሃ ግማሹን ጠጥታ ጠርሙሱን ወደኔ አንከባለለችው። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይመስለኛል ጣቷን ወደ ታች ቀስራ «ቆሟል» አለች።

«ምኑ?»

«ውሃው። ከዚያ ነጭ ድንጋይ በላይ አልወጣም። ስቆጥር ቆይቻለሁ።»

እውነቷን ነበር። ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየ። ከዚያ ነጩ ድንጋይ እንደገና ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለው። አሥር ሰዓት ሲሆን የመንገዱ መሃል እንደ ከብት ጀርባ ብቅ አለ። እኔ ልነሳ ስል «ገና» አለች፤ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌው ተነስቶ ሁለት እጆቹን ወደ ራሱ ሳበ። ይኼኛውን ምልክት እኔም አልሳትኩትም። እሷ ከፊት፣ እኔ በአንድ ጫማ እያነከስኩ ከኋላ ተሻገርን።

«ሳውቦና፣ ባባ» አልኩት። ደህና ዋሉ፣ አባት ማለቴ ነው።

«ሰሌዳውን አላነበባችሁም?» አለኝ በእንግሊዝኛ፤ ተቆጥቷል። ዞር ብዬ አየሁት፤ በሁለት ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል «ባሕሩ ሲመለስ መንገዱ ይሸፈናል፤ ሰዓት ሳትጠይቁ አትሻገሩ» ይላል። ጠዋት ተደግፌ ፎቶ የተነሳሁት እሱን ነው። ፎቶው ዛሬም አለ፤ እኔ ፈገግ ብያለሁ፣ ማስጠንቀቂያው ከትከሻዬ በላይ ይነበባል።

ሽማግሌው ባባ ጀምስ ይባላል። ለነፍስ አድን ሠራተኞች ደውሎ ነበር፤ እነሱም «ጀልባው ሌላ ቦታ ነው፣ ከላይ ካልወረዱ ውሃው አይደርስባቸውም» ብለውታል። እሱ ግን ቤቱ አልሄደም።

«ሰው ዳር ላይ ሰው ካላየ ይወርዳል» አለኝ። «ቅድም ስትወርድ ሞተሃል ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ መሠረት ዞሮ ባርኔጣውን አነሳላት። «ሲሲ፣ አንቺ ባሕር ዳር ነው ያደግሽው?»

«ኖ፣ ባባ። ወንዝ» አለችው።

የያዘውን ዓሣ ጠብሶልን በላን። በማግስቱ ወደ ጆሃንስበርግ ተመለስን። ስምንት ሰዓት በፈጀው መንገድ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቲኬቱን ሰኞ ትቆርጣለህ።»

ሰኞ ቆረጥኩ። ስልኳን አሠራሁ። የኮሮና ምርመራዋን አደረገች። ታኅሣሥ ላይ ኤርፖርት ሸኘኋት። ተሳፋሪ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም ስለተባለ በሩ ላይ ተለያየን።

«ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«እመለሳለሁም አልልህም፣ አልመለስም አልልህም። የማላውቀውን አልናገርም» አለችኝና ገባች።

እኔም ወደ ፍርግርጌ ተመለስኩ። ስትደውል እናወራለን። መጀመሪያ ላይ አጭር ነበር፤ እየቆየ ረዘመ። የማይረባውን ነገር ሁሉ እንዳለ እነግራት ጀመር፤ ምን እንደበላሁ፣ ከማን ጋር እንደተጣላሁ፣ ዛሬ ሱቅ ልዝጋና ልተኛ እንዳሰኘኝ። ሐምሌ ላይ በከተማው ረብሻ ተነስቶ ሱቆች ሲዘረፉ የኔም ተዘረፈ። የግቢው ባለቤት የሆኑት አሮጊት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ደብቀውኝ ተረፍኩ። በነጋታው መሠረት ደወለች። ድሮ ቢሆን «ሰላም ነው፣ እኛ ጋ አልደረሰም» እላት ነበር።

«ምንም አልቀረኝም» አልኳት። «መደርደሪያውን እንኳ ነቅለው ወስደዋል።»

«አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነቱን ነው?»

«በጣም ፈርቼ ነበር። ሌላው ደህና ነው።»

«የመመለሻ ወረቀቴን ጀምርልኝ» አለች።

ጥር ላይ መጣች። እኔ ባዶ እጄን በነበርኩበት ሰዓት መጣች። አሁን ቤኖኒ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ሱቁን እንደገና ከፍተነዋል፤ ማታ ግን እዚያ አንተኛም። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ከእኔ ቀድማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍልን ታስተምራለች።

ይህን የጻፍኩት ለአንዳንዶቻችሁ ነው፤ ማን እንደሆናችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ከአገር ቤት ሚስት ልታመጡ ፎቶ የምትልኩ ወንድሞች፣ የምትኖሩባትን ክፍል አንስታችሁ ላኩ። «እምቢ ትለኛለች» ትሉ ይሆናል። ትበል። እምቢ ብላ አገሯ ብትቀር ሁለታችሁም ነፃ ሰው ናችሁ። አምጥታችሁ በሩን ከያዛችሁባት ግን እሷ እስረኛ፣ እናንተ ጠባቂ ናችሁ፤ ጠባቂም ከግቢው አይወጣም። እኔ ይህን ለማወቅ ልሰምጥ ደርሼ ነበር፤ ለእናንተ በወረቀት ይብቃችሁ።

ሌላው የተማርኩት ሚስቴን መጠየቅ ነው። ዕቃ ሳመጣ፣ ቤት ስከራይ፣ ሰው ሳበድር «አንቺ እንዴት ታይዋለሽ?» እላታለሁ። አንዳንዴ እንስማማለን፣ አንዳንዴ እንጣላለን። ስንጣላ ግን ሁለታችንም የምናውቀው፣ ያልተደበቀ ነገር ላይ ነው የምንጣላው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንድ ነገር ተሳስተሃል» አለች። «እንዳልፈራሁ አድርገህ ነው የጻፍከው። እግሬ ከቀሚሴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነበር የዋለው፤ ጠጠር የምቆጥረው እንዳልጮኽ ብዬ ነው። እሱንም ጻፈው።»

ይኸው ጻፍኩት።